የአውሮፓ ቅኝ ግዛቶች ለምንና እንዴት ተስፋፉ? ሳይሸመድዱ የማጥኛ መንገድ

ታሪክ አስተምራለሁ። ፈተና ላይ «ለአውሮፓ ቅኝ ግዛት መስፋፋት ምክንያት የሆኑትን ዘርዝሩ» የሚል ጥያቄ ከወጣ መልሱን ወረቀቱን ሳላነብ አውቀዋለሁ። ጥሬ ዕቃ ፍለጋ፣ ገበያ ፍለጋ፣ ሃይማኖት ማስፋፋት፣ ክብርና ዝና። ስህተት አይደለም፤ ማርክም ያሰጣል። ግን ያንኑ ተማሪ «ታዲያ ፖርቱጋል ለምን ቀደመች? አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር ለመያዝስ ለምን እስከ 1880ዎቹ ቆዩ?» ብላችሁ ጠይቁት። ዝም ይላል። ይህ ያሳዝነኛል። ሚሊዮኖች የሞቱበት፣ የተሸጡበት፣ መሬታቸውን የተነጠቁበት ታሪክ በአራት ሐረግ ተሸምድዶ መታለፍ የለበትም።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የማሠራበትን መንገድ ልጻፍላችሁ። ለፈተና ለሚዘጋጅም ለራሱ ለሚያነብም ይሆናል። አንድ ደብተር፣ እርሳስና የዓለም ካርታ ይበቃችኋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ገጹን በሦስት ዓምድ ክፈሉት

በአንደኛው ዓምድ አናት ላይ «ለምን ፈለጉ?» ብላችሁ ጻፉ። በሁለተኛው «እንዴት ቻሉ?»፣ በሦስተኛው «ለምን ያኔ?»። የመጀመሪያው ቶሎ ይሞላል። ወርቅ፣ መሬት ወይም ዝና የማይፈልግ ንጉሥ በየትኛውም ዘመን ማግኘት ይከብዳል። ፈተናው ያለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው። እነሱ ሳይሞሉ ወደ ሌላ ገጽ አትለፉ።

በፖርቱጋል እንሞክረው። የምዕራብ አፍሪካ ወርቅ ሰሃራን አቋርጦ በሰሜን አፍሪካ ነጋዴዎች እጅ ነበር የሚመጣው። የእስያ ቅመም ደግሞ በግብፅና በቬኒስ በኩል ሲያልፍ ዋጋው እየተቆለለ ይደርሳል። ፖርቱጋሎች ይህን ንግድ ከምንጩ ሊይዙት ፈለጉ፤ ከሙስሊሞች ጋር የነበራቸው የቆየ ጦርነትም ፍላጎቱን አባባሰው። ይህ አንደኛው ዓምድ ነው። እንዴት ቻሉ? አገራቸው ፊቷን ለአትላንቲክ የሰጠች ናት። ካራቬል የምትባለው ቀላል መርከባቸው ነፋስ ከፊት ሲመጣም እየተጠማዘዘች ወደፊት መሄድ ትችላለች። መርከበኞቹም የውቅያኖሱን ነፋስ ቀስ በቀስ ለመዱት። በ1415 በሰሜን አፍሪካ ያለችውን ሴኡታን ያዙ። በ1434 በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ያለውን ኬፕ ቦጃዶርን አለፉ። በ1482 ዛሬ ጋና በምትባለው አገር የኤልሚናን ምሽግ ሠሩ። በ1488 ባርቶሎሜው ዲያሽ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞረ፤ በ1498 ቫስኮ ዳ ጋማ ሕንድ ውስጥ ካሊከት ደረሰ። ዓመታቱን በተርታ ስትጽፏቸው ሥራው ከሰማንያ ዓመት በላይ እንደፈጀ ይታያችኋል። በየመንገዱ የተገኘው የወርቅና የባሪያ ንግድ ትርፍ ለሚቀጥለው ጉዞ ወጪ እየሆነ ነው የተጓዙት።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ አብራችሁ ያዙ። ምክንያት የተባለውን ነገር ሁሉ በዓመቱ ፈትኑት። ለምሳሌ ብዙ ቦታ «ኦቶማኖች በ1453 ቁስጥንጥንያን ስለያዙ የቅመም መንገድ ተዘጋ፤ አውሮፓውያንም በባሕር ሌላ መንገድ ፍለጋ ወጡ» የሚል ታነባላችሁ። ዓመቱን ከላይ ካለው ተርታ ጋር አስተያዩት። ፖርቱጋሎች ቦጃዶርን ያለፉት ቁስጥንጥንያ ከመያዟ 19 ዓመት ቀድመው ነው። ቬኒሶችም ከ1453 በኋላ ከእስክንድርያ ቅመም መግዛታቸውን አላቆሙም። የ1453 ነገር ፍላጎቱን ገፋ አድርጎት ሊሆን ይችላል፤ ጀማሪው ግን እሱ አይደለም። ይህን በራሱ እጅ ያጣራ ተማሪ ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይሸወድም።

ሌላው ጥንቃቄ ሁለት ዘመናትን አለመደባለቅ ነው። የመጀመሪያው ከ1415 ተነስቶ እስከ 1700ዎቹ መጨረሻ ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ አውሮፓውያን አሜሪካን በሰፊው ያዙ። በአፍሪካና በእስያ ግን በአብዛኛው ወደብና ምሽግ ነበር የነበራቸው። ሁለተኛው ከ1870ዎቹ እስከ 1914 ያለው ነው። በ1880 በአውሮፓውያን እጅ የነበረው የአፍሪካ መሬት ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ነው። በ1914 ከኢትዮጵያና ከላይቤሪያ በቀር ነጻ የቀረ አልነበረም። «ለፋብሪካ የሚሆን ጥሬ ዕቃ» የሚለው መልስ ለሁለተኛው ዘመን ይሠራል። ለ1498 ከጻፋችሁት ግን ፋብሪካው የት ነበር? ሕንድ ብቻ በሁለቱ ዘመናት መካከል ቆማ ታስቸግራለች፤ ወደሷ እመለሳለሁ።

አንድ ዕቃ መርጣችሁ ተከተሉ

ስለ «ቅመም ንግድ» በጥቅሉ ማንበብ ያሰለቻል፤ ከጭንቅላትም ቶሎ ይወጣል። አንድ ዕቃ ያዙና ከበቀለበት እስከ ተሸጠበት ተከተሉት። እኔ ሁልጊዜ በገውዝ ነው የምጀምረው።

ገውዝ በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የሚገኘው ዛሬ በኢንዶኔዥያ ሥር ባሉት ባንዳ በሚባሉ ደሴቶች ብቻ ነበር። ካርታ ላይ ፈልጓቸው። ብዙ ካርታ ላይ ነጥብ እንኳ አይሆኑም። የባንዳ ሰዎች ገውዛቸውን ለጃቫ፣ ለማላይ፣ ለዐረብ ነጋዴ፣ ዋጋ ላቀረበ ሁሉ ይሸጡ ነበር። በ1602 የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ተቋቋመ። የአክሲዮን ኩባንያ ነው። በአምስተርዳም ብቻ ከ1,100 በላይ ሰዎች አክሲዮን ገዙ፤ ከመካከላቸው የቤት ሠራተኞችም ነበሩበት። ጠቅላላ ካፒታሉ 6.4 ሚሊዮን ጊልደር ገደማ ነበር። መንግሥት ለዚህ ኩባንያ የሰጠውን ሥልጣን ልብ በሉ። ምሽግ መሥራት ይችላል። ወታደር መቅጠር ይችላል። ከነገሥታት ጋር ውል መፈራረምና መዋጋትም ይችላል።

ኩባንያው ገውዙን ሌላ ማንም ሳይነካው እኔ ብቻ ልግዛ አለ። ባንዳዎች ለእንግሊዞችም መሸጣቸውን ቀጠሉ። በ1621 የኩባንያው ዋና ገዢ ያን ፒተርስዞን ኩን ጦር ጭኖ መጣ። 40 ያህል የአገር ሽማግሌዎች በጃፓናውያን ቅጥር ወታደሮች ሰይፍ ተቀሉ። ከ15,000 ገደማ ሕዝብ ውስጥ ከፊሉ ተገደለ፣ ከፊሉ በረሃብ አለቀ፣ ከፊሉ ተግዞ በባርነት ተወሰደ፤ ጥቂቱም አመለጠ። በደሴቶቹ ላይ የቀረው አንድ ሺህ ገደማ እንደነበር ይገመታል። መሬቱ ተሸንሽኖ ለሆላንዳውያን ታደለ። የሚሠሩበትም ከሌላ ቦታ የመጡ ባሮች ሆኑ። እንግሊዞች ይገባናል ይሏት የነበረችው የባንዳዋ ሩን ደሴት በ1667ቱ የብሬዳ ውል ለሆላንድ ቀረች። በዚያው ውል እንግሊዝ ኒው አምስተርዳምን ያዘች። የዛሬዋ ኒው ዮርክ ማለት ናት።

ይህን ሳስተምር ቀስ እላለሁ። ተማሪዎቼ እንዲያዩልኝ የምፈልገው አምስተርዳም ያለውን አክሲዮን የገዛ ሰው ነው። በባንዳ ሰዎች ላይ ምንም ቂም የለውም፤ ስማቸውንም ላይሰማ ይችላል። የሚጠብቀው የትርፍ ድርሻውን ብቻ ነው። ትርፉ እንዲጨምር ውድድር መጥፋት ነበረበት። ውድድር እንዲጠፋ ደሴቶቹ መያዝ ነበረባቸው። ደሴቶቹ እንዲያዙ ሕዝቡ አለቀ። ንግድ እንዴት ወደ ግዛት እንደሚለወጥ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። በ1799 ኩባንያው ሲፈርስ ንብረቱንና ግዛቱን የሆላንድ መንግሥት ተረከበ።

ወረቀቱን ፈልጉ

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከጠመንጃው ጎን ሁልጊዜ ወረቀት አለ። የንግድ ፈቃድ፣ የወዳጅነት ውል፣ የእዳ ሰነድ። ወረቀት ባገኛችሁ ቁጥር ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ፈረመ? ምን ተቀበለ? በቃል ተነግሮት ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረው ምንድን ነው?

የንዴቤሌውን ንጉሥ ሎቤንጉላን እዩ። አገሩ በዛሬዋ ዚምባብዌ ነው። በጥቅምት 1888 የእንግሊዛዊው ባለሀብት የሴሲል ሮድስ ሰው የሆነው ቻርልስ ራድ አንድ ውል አስፈረመው። ንጉሡ በየወሩ 100 ፓውንድ፣ በአንድ ጊዜ 1,000 ማርቲኒ ሄንሪ ጠመንጃና 100,000 ጥይት፣ በዛምቤዚ ወንዝ ላይ ደግሞ የእንፋሎት ጀልባ ሊሰጠው ነው። በምላሹ በግዛቱ ያለውን ማዕድን ሁሉ የማውጣት መብት ለብቻቸው ሰጠ። ሊቆፍሩ የሚመጡት ነጮች ከአሥር እንደማይበልጡ በቃል ተነግሮታል። ወረቀቱ ላይ ይህ የለም። ሎቤንጉላ ነገሩ ሲገባው መልእክተኞቹን እስከ ለንደን፣ እስከ ንግሥት ቪክቶሪያ ድረስ ላከ፤ ውሉንም አልቀበልም አለ። በጥቅምት 1889 የብሪታንያ መንግሥት ያንኑ ውል መሠረት አድርጎ ለሮድስ ኩባንያ የንግሥቲቱን ፈቃድ ሰጠ። በ1890 ታጣቂ ሰፋሪዎች ገቡ። በ1893 ኩባንያው ንጉሡን በጦርነት አሸነፈ። ሎቤንጉላ የዋህ አልነበረም። የቻለውን ሁሉ አድርጓል፤ ለንደን ላይ ግን የሚያዳምጡት ወረቀቱን ነበር።

ስለ በርሊን ጉባኤም በዚሁ ዓይን አንብቡ። ከኅዳር 1884 እስከ የካቲት 1885 ድረስ 14 መንግሥታት ተሰበሰቡ። አንድም አፍሪካዊ አልተጋበዘም። «አፍሪካ በርሊን ላይ ተቆራረጠች» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን ሰነዱን አላያችሁትም። ሰነዱ በአመዛኙ ስለ ኮንጎና ኒጀር ወንዞች ንግድና የመርከብ ጉዞ ነው። በባሕር ዳርቻ አዲስ መሬት የያዘ መንግሥት ለሌሎቹ ማሳወቅና በቦታው ሥልጣን መትከል እንዳለበትም ይደነግጋል። ድንበሮቹ በብዛት የተሰመሩት ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተፈራረሙት ነው። የጉባኤው ጉዳት ሽሚያውን ሕጋዊ ልብስ ማልበሱ ነው።

ከአገሬው ሰው ማን አብሯቸው ነበር?

ይህ ጥያቄ ያማል። መዝለል ግን አይቻልም። አውሮፓውያን ሲያሸንፉ ብዙውን ጊዜ ቁጥራቸው ትንሽ ነበር። ስፔናዊው ፒዛሮ በ1532 ፔሩ ውስጥ ካሃማርካ ላይ የኢንካውን ንጉሥ አታሁዋልፓን ሲይዝ 168 ሰው ነበር ያለው። ኢንካዎች ግን ገና ከወንድማማቾች የእርስ በርስ ጦርነት መውጣታቸው ነበር። ሌላው ስፔናዊ ኮርቴስ በ1521 የአዝቴኮችን ዋና ከተማ ቴኖችቲትላንን የጣለው በሺዎች ከሚቆጠሩ የትላሽካላ ተዋጊዎች ጋር ሆኖ ነው። እነሱም የአዝቴክን አገዛዝ የሚጠሉበት የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። በዚያ ላይ በ1520 ፈንጣጣ ከተማዋን ጨርሷት ነበር። በሽታው ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ የአሜሪካ ሕዝብ ከዚያ በፊት አያውቀውም።

አሁን ሕንድ። በሰኔ 1757 ፕላሲ ላይ የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አዛዥ ሮበርት ክላይቭ 3,000 ገደማ ጦር ነበረው፤ ከሦስቱ ሁለት እጁ ሕንዳውያን ናቸው። የቤንጋሉ ገዢ ሲራጅ ኡድ ዳውላ ጦር 50,000 ገደማ ይሆናል። ግን አዛዡ ሚር ጃፋር አስቀድሞ ከክላይቭ ጋር ተስማምቶ ስለነበር ጦሩን ይዞ ዳር ቆመ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1765፣ ኩባንያው የቤንጋልን የመሬት ግብር የመሰብሰብ መብት ከሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት እጅ ወሰደ።

እዚህ ላይ እርሳሳችሁን አንሱና የገንዘቡን አካሄድ ሣሉት። ከዚያ በፊት እንግሊዞች የቤንጋልን ጨርቅ ለመግዛት ከአገራቸው ብር (ማዕድኑን) በመርከብ ጭነው ይመጡ ነበር። ከ1765 በኋላ ከቤንጋል ገበሬ ግብር ይሰበስባሉ፤ በዚያው ገንዘብ የቤንጋልን ጨርቅ ይገዛሉ፤ ጨርቁን አውሮፓ ወስደው ይሸጣሉ። ሸማኔው የተከፈለው ከገዛ አገሩ ሰው ኪስ ነው። የተረፈው ግብር ደግሞ ወታደር ይቀጥራል፤ ወታደሩም የሚቀጥለውን ግዛት ይይዛል። በ1769 እና 1770 ረሃብ ገብቶ ሕዝቡ በሚሊዮን ሲያልቅ እንኳ ግብሩ መሰብሰቡን አላቆመም። ሕንድ በሁለቱ ዘመናት መካከል የምታስቸግረው ለዚህ ነው። ብሪታንያ አሜሪካ ውስጥ ስትሸነፍ ሕንድ ውስጥ በሕንድ ገንዘብ እየሰፋች ነበር። የ1857ቱ ትልቅ አመጽ ከመጣ በኋላ፣ በ1858፣ ዘውዱ አገሪቱን ከኩባንያው እጅ ተረከበ።

መሣሪያና መድኃኒት

የአፍሪካ መሀል አገር ለምን ዘገየ? ከመልሱ ትልቁ ክፍል ወባ ነው፤ የአፍሪካ መንግሥታት ጉልበትም አለበት። በ1841 ብሪታንያ በኒጀር ወንዝ ላይ የላከችው ጉዞ ብዙ ሰው በትኩሳት አልቆበት ነው የተመለሰው። በ1854 እዚያው ወንዝ ላይ ሌላ የእንፋሎት መርከብ ሄደ። መሪው ሐኪሙ ዊልያም ቤይኪ ለሰዎቹ ኩዊኒን በየዕለቱ ይሰጥ ነበር፤ በትኩሳት የሞተ አውሮፓዊ አልነበረም። ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን ጻፏቸው። «እንዴት ቻሉ?» ለሚለው ዓምድ ይህን የመሰለ ማስረጃ አይገኝም። ከዚያ በ1880ዎቹ የመጣውን መክሲም መትረየስ ጨምሩበት። በ1898 ኦምዱርማን ላይ ከ10,000 በላይ ሱዳናውያን በአንድ ቀን ወደቁ፤ ከብሪታንያና ግብፅ ጦር የሞቱት 50 አይሞሉም።

ደረጃውን በቅርብ ምሳሌ ሣሉት

እድገቱን ለማየት ከአሰብ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። በኅዳር 1869 ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ የቀድሞ ሚሲዮናዊ ሩባቲኖ ለሚባል የጣሊያን መርከብ ኩባንያ ከአካባቢው ሹማምንት መሬት ገዛ። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው በዚያው ወር ነው። «ለምን ያኔ?» የሚለው በራሱ ተመለሰ። በ1882 የጣሊያን መንግሥት አሰብን ከኩባንያው ወሰደ። በየካቲት 1885 ጣሊያኖች ምጽዋ ገቡ፤ ብሪታንያም ፈረንሳይ እንዳትቀድም ብላ ዝም አለቻቸው። በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አንድ ጦራቸውን ደመሰሱ። ሮም ግን ተጨማሪ ገንዘብና ጦር ላከች፤ ሽንፈቱም የመስፋፋት ምክንያት ሆነ። በመጋቢት 1889 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ክፉ ቀን የተባለው ረሃብና የከብት እልቂትም አገሩን ይዞት ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ጣሊያኖች አስመራ ወጡ፤ ጥር 1890 ላይ ኤርትራ ብለው ቅኝ ግዛት አወጁ። ሚሲዮናዊ፣ ኩባንያ፣ መንግሥት፣ ጦር። ሃያ ዓመት ብቻ ነው የፈጀው።

ቀጥሎ ያልተሳካበትን ቦታም እዩ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። በ1896 አድዋ ላይ ጣሊያን የተሸነፈችው ለምንድን ነው? ፍላጎቷ አልቀነሰም፤ ሁለተኛው ዓምድ ነው የከዳት። አፄ ምኒልክ ለዓመታት ዘመናዊ ጠመንጃና መድፍ ገዝተው አከማችተዋል፤ የአውሮፓውያንን ፉክክር ተጠቅመውበታል። ከየክፍለ አገሩ 100,000 ገደማ ሰው አንድ ላይ አሰልፈዋል። የዛሬዋ ታይላንድ፣ ያኔ ሲያም፣ በብሪታንያና በፈረንሳይ መካከል ሆና ዳር ዳሯን እየሰጠች መሀሏን አዳነች። ጃፓን ከ1868 በኋላ ራሷን አደራጅታ ተረፈች፤ በ1895 ታይዋንን፣ በ1910 ኮሪያን ይዛ እሷም ቅኝ ገዢ ሆነች።

አንድ ፈተና ደግሞ ለራሳችሁ መላምት ስጡ። «ትርፍ ካፒታል መፍሰሻ ፍለጋ አፍሪካ ገባ» የሚል አስተያየት አለ። የብሪታንያ ገንዘብ ከ1914 በፊት የት እንደገባ ስትፈልጉ ወደ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ አርጀንቲና፣ ሕንድ የሄደው ይበዛል። ወደ ሞቃታማው አፍሪካ የሄደው ትንሽ ነው። ስለዚህ ለግብፅና ለደቡብ አፍሪካ ማዕድን የሚሠራው መልስ ለሁሉም ቦታ አይሠራም። በየቦታው ምን እንደገፋቸው ለየብቻ ማጣራት አለባችሁ።

አሁን ደብተሩን ውሰዱና በስኳር ራሳችሁ ሞክሩ። ከማዴይራ ጀምሩ፤ ወደ ሳኦ ቶሜ፣ ከዚያ ወደ ብራዚል፣ በ1640ዎቹ ወደ ባርቤዶስ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ሳን ዶሚንግ ውሰዱት። በየፌርማታው ማን መሬቱን ያዘ፣ ማን ሠራ፣ ማን አበደረ ብላችሁ ጻፉ። በባርነት ከአፍሪካ የተጫኑት ሰዎች 12.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሆኑ፣ ከነሱም ሁለት ሚሊዮን ያህሉ በባሕር ላይ እንዳለቁ ከጎኑ አስፍሩ። በሳን ዶሚንግ ባሮቹ በ1791 ተነሱ፤ በ1804 ሄይቲ ብለው ነጻነታቸውን አወጁ። በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን ልካ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ አስፈረመቻቸው። ካሳው የሚከፈለው ለቀድሞዎቹ ባለርስቶችና ባሪያ አሳዳሪዎች ነው። ያንን ወረቀት በሦስቱ ጥያቄዎች አንብቡትና ከዓምዶቹ የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ወስኑ።